ራሱን ያበራ ክፍል

ኢክራም ሰይድ ስትሪፕ የሚባለውን ተለጣፊ የመብራት ጥብጣብ የለጠፈችው በገዛ እጇ ነው። ይህን ማንም አይክድም፤ እሷም ክዳ አታውቅም። መሰላሉ ላይ የወጣችው እሷ ናት። ከጀርባው ያለውን ስስ ወረቀት እየላጠች፣ በአውራ ጣቷ እየተጫነች ከኮርኒሱ ሥር ያጣበቀችው እሷ ናት። በኋላ ቀበሌ ሄዳ አቤት ስትልም የተመለሰላት ይኸው ነበር፦ እጅ የለጠፈውን አፍ አያነሳውም።

ያን ጊዜ ደሴ ወደ ጎን መስፋት ካቆመች ብዙ ዘመን ሆኗታል። በአንድ ወገን የጦሳ ተራራ፣ በሌላው ወገን አዝዋ ገደል ይዘዋት የምትሄድበት ቢጠፋ ወደ ላይ አደገች። አዲሱ ሕንፃ ከአሮጌው ጋር ትከሻ ለትከሻ እየገጠመ ሲቆም፣ በመካከል የተያዙት መስኮቶች አንድ በአንድ ተደፈኑ። መስኮቱ የተደፈነ ክፍል «የበራ» ይባላል፤ መስኮት የቀረለት ደግሞ «የፀሐይ»። ሰው ቤት ሊከራይ ሲሄድ ከውሃው በፊት የሚጠይቀው የበራ ነው የፀሐይ ብሎ ነው። በበራ ክፍል ውስጥ የሚነጋው መብራቱ ሲነጋ ነው፤ የሚመሸውም መብራቱ ሲመሽ ነው። ፀሐይ ሣሉ የተባሉ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በወረቀቱ ጠርዝ ዙሪያውን ቢጫ መስመር ያሰምራሉ፤ መምህራኑም ማረም ትተዋል።

ኢክራም የምትኖረው ሆጤ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ሦስተኛው ደርብ ላይ ነበር። አንድ ክፍልና ማድ ቤት። ክፍሉ ወደ ጦሳ የሚያይ ሰፊ መስኮት አለው። ከጎን ያለው ባዶ ቦታ ወራሾች ተካሰውበት ለዓመታት ታጥሮ ስለተቀመጠ፣ በሕንፃው ሳይደፈን የቀረው በዚያ ወገን የሚገኘው ብቸኛ መስኮት፣ የእሷ ነበር። የክሱ ጉዳይ አልቆ ቦታው ለአንድ ገንቢ ድርጅት ከተሰጠ በኋላ ሰዎች እየመጡ መስኮቱን እንድትለቅ ለምነዋታል። በትሕትና አስቀምጣ፣ ውሃ አጠጥታ፣ እምቢ ብላ ሸኝታቸዋለች።

እምቢ ያለችው ለራሷ ብቻ ብላ አይደለም። ከሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዞራ በመስኮቱ ስትገባ የጎረቤት አራስ ሁሉ ልጇን ይዛ ትመጣለች። ለሕፃን የጠዋት ፀሐይ ነው የሚሻለው፤ ነገር ግን ያለችው የከሰዓቷ ናት። ከሥር ሁለተኛው ደርብ የምትኖረው ዘምዘም የመጀመሪያ ልጇን ዘይት ቀብታ ያሞቀችው እዚያ መስኮት ሥር ነው፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። በርበሬ የሚያሰጣ ይመጣል። ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ቁርኣኑን ይዞ ይመጣል። ጨዋታ የለም፣ ግርግር የለም፤ ሰው መጥቶ ፀሐይዋ ላይ ይቀመጥና ጦሳ ጋ ስትደርስ ተነሥቶ ይሄዳል። ኢክራም ደግሞ በዚያው ብርሃን የቀሚስ አንገት ትጠልፋለች። መተዳደሪያዋ ይኸው ነው። ክር በመብራት ይዋሻል ትል ነበር፤ ቀዩ ደም ይመስልና ውጪ ሲወጣ ጡብ ሆኖ ይገኛል።

ቤቱ የእሷ ብቻ አልነበረም። ከአባታቸው የወረሱት ከታናሽ እህቷ ከነጃት ጋር ነው። እናታቸው ስትሞት ነጃት ገና ዳዴ ትል ነበር፤ ኢክራም ደግሞ ትምህርቷን ጨርሳ ለጋብቻ የምትታሰብ ልጅ ነበረች። ሽማግሌ መጣ፤ ልጅቷ ትደግልኝ አለች። ሌላ ሽማግሌ መጣ፤ አሁንም እንዲሁ አለች። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። ነጃት ግን አደገች፣ ተማረች፣ አገባች፣ ከባሏም ተለያየች። ከተፋታች ወዲህ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት የበራ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የምትሠራውም መስኮት በሌለው ቢሮ ውስጥ ስልክ እየመለሰች ነው። ኢክራም ነይ እዚህ ከእኔ ጋር ሁኚ ስትላት፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ተመልሼ እቅፍሽ ልግባ ወይ ብላ ትስቃለች። ግን ፀጉሯ ይረግፍ ነበር። እንቅልፍም አጥታ ነበር። ጁምዓ ከሰዓት እየመጣች መስኮቱ ሥር ፍራሽ ላይ ጋደም ትልና፣ ፊቷን ወደ ፀሐይዋ አድርጋ ትተኛለች። ኢክራም ድምፅ እንዳይሰማ መቀሷን እንኳ ጨርቅ ላይ ነው የምታስቀምጠው።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከባድ ነበር። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ለሳምንት ያህል አልነሣ አለ። ኢክራም የክሩን ቀለም መለየት አቅቷት ሥራ አስተጓጎለች፤ ዓይኗም እንደ ድሮው አይደለም። ነጃት ይህን ስታይ፣ ለጉም ቀን የሚሆን ስትሪፕ ላምጣልሽ፣ ኮርኒሱ ሥር እናዞረዋለን፣ ሲያሻሽ ታበሪያለሽ፣ ሳያሻሽ ታጠፊያለሽ አለቻት። ኢክራም ክፍሌ እንደ ጎረቤቶቼ ሊሆን ነው እንዴ ብላ ትንሽ ቅር አላት። መስኮትሽ እኮ የትም አይሄድም አለች ነጃት።

በሚቀጥለው ጁምዓ ጥቅሉን ይዛ መጣች። አብረው ነው የሠሩት። ነጃት ከዘምዘም ቤት መሰላል ተውሳ አመጣች። ኢክራም የኮርኒሱን ጀሶ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጠረገች፤ አቧራ ካለ አይዝም ተብላለች። ነጃት እንዴት እንደሚለጠፍ ላሳይሽ ብላ ከበሩ በላይ ያለችውን የመጀመሪያዋን ክንድ ራሷ ለጠፈች። ከዚያ ወረደች።

«አንቺ ቀጥዪ» አለቻት። «የእኔ እጅ ያልበዋል፤ ላብ ከነካው ይለቃል።»

ኢክራም ወጣች። ወረቀቱን በጥቂት በጥቂቱ እየላጠች፣ ስትሪፑን ከጀሶው ጋር እያስጠጋች በአውራ ጣቷ ትጫናለች። ነጃት ከሥር መሰላሉን ይዛ፣ እስኪሞቅሽ ድረስ ጣትሽን አታንሺ፣ እዚያ ጋ አልያዘም፣ እንደገና ተጫኚው ትላታለች። ጥግ ሲደርሱ እንዳይሰበር ቀስ አድርገው አጠፉት። ስትሪፑ ላይ ካለው የመዳብ ምልክት ትርፉን በመቀስ ቆረጡ፣ አዳፕተሩን ሰክተው ገመዱን በቁም ሳጥኑ ጀርባ አወረዱት። መሀል ላይ መሰላሉ ተንገዳግዶ ኢክራም ልትወድቅ ስትል ነጃት እጇን ይዛ አቆመቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዓመታት ወዲህ እንዲህ አብረው ሥራ ሠርተው አያውቁም ነበር።

ሲበራ ክፍሉ ውስጥ ማለዳ የሆነ መሰለ። ለስላሳ፣ ነጣ ያለ ብርሃን ነው፤ ጥላ የሚባል የለውም። ኢክራም አላህ ይስጥሽ ብላ እህቷን አገላብጣ ሳመቻት። ነጃት አለቀሰች። ኢክራም ደስታ ነው ብላ አሰበች።

ጥቂት ቀናት አለፉ። ጉሙ ተነሥቶ ፀሐይ ወጣ፤ ኢክራምም ስትሪፑን አጥፍታ ሥራዋን ቀጠለች። አንድ ቀን ከዙሁር በኋላ አንድ ወጣት በሩን አንኳኳ። ናታን እባላለሁ አለ። ከገንቢው ድርጅት ነው የመጣው፤ ትሑት ልጅ ነው፣ ጫማውን ሳይባል አወለቀ።

«እማማ፣ የመስኮቱን ስፋት ለክቼ ልሂድ። አልቆይብዎትም።»

ኢክራም መስኮቴን እንደማልሰጥ ለአለቆችህ ነግሬያቸዋለሁ አለችው። ልጁ ግራ ገብቶት ወደ ኮርኒሱ ቀና ብሎ አየ።

«ክፍሉ እኮ ራሱን አብርቷል» አለ። «ሁለታችሁም ለጥፋችኋል።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። እሱም ሊያስረዳት ፈልጎ፣ መብራቱን እንድታበራና ከለጠፈችው ላይ እጇ በሚደርስበት ቦታ አውራ ጣቷን እንድታሳርፍ ጠየቃት። በርጩማ ላይ ቆማ አሳረፈች። መብራቱ አንድ ጊዜ ጠፋ ብሎ በራ።

«ይኸው፣ አወቀዎት» አለ ልጁ ፈገግ ብሎ።

ከዚያ ነገሩን ዘረዘረላት። ከዘንድሮ ጀምሮ ስትሪፑን ባለቤቶቹ ሁሉ በየእጃቸው የለጠፉት እንደሆነ ክፍሉ ራሱን እንዳበራ ይቆጠራል። ራሱን ያበራ ክፍል መስኮት አያስፈልገውም። ሽማግሌ ማስቀመጥ፣ ፊርማ መለመን ቀርቷል፤ ለሰውም ለድርጅቱም ቀልሏል። የሕንፃው ሥራ በቅርቡ ይጀመራል። ይህን ሁሉ ሲናገር ሜትሩን በመስኮቱ ላይ እያስሮጠ ነበር። ጨርሶ ጫማውን ሲያደርግ፣ እንደ መልካም ዜና ይሆንላት መስሎት ይህን ጨመረላት፦

«እህትዎም በመስኮቱ ምትክ በአዲሱ ሕንፃ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ የፀሐይ ክፍል ደርሷቸዋል። በዚሁ በእርስዎ መስኮት ልክ፣ ከበላይ። ጦሳን ፊት ለፊት ነው የሚያዩት። እንኳን ደስ አላችሁ።»

ኢክራም በርጩማው ላይ እንደቆመች ነበረች። በጥፍሯ የስትሪፑን ጫፍ ፈልፍላ ያዘችና ሳበችው፤ የጀሶው ቅርፊት አብሮ ተነሣ። ልጁ ደንግጦ ተመለሰ። እማማ እንዳያደርጉት አላት። አንዴ የበራ ክፍል ብርሃኑ ከተነቀለ ጨለማ ክፍል ይባላል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሰው እንዲኖር አይፈቀድም፤ መስኮቱ አይመለስልዎትም፣ ቤቱንም ያጣሉ አላት። ለእሷ ብሎ ነው የተናገረው፤ ፊቱ ያስታውቃል። ኢክራም ትንሽ ቆማ አሰበች። ከዚያ የነቀለችውን ጫፍ ወደ ቦታው መልሳ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። እስኪሞቃት ድረስ አላነሣችውም።

በማግስቱ ቀበሌ ሄደች። የቀበሌዋ ሴት በትዕግሥት ነው ያዳመጠቻት። እኔ አልተነገረኝም አለች ኢክራም። ሴትዮዋ፣ ስትሪፑ ሲሸጥ ለገዢው ደንቡ ይነበብለታል፣ ገዢዋ እህትሽ ናት፣ ለአንደኛዋ ባለቤት የተነገረ ለሁለታችሁም እንደተነገረ ነው የሚታየው አለቻት። ከዚያም ያንን የእጅና የአፍ ነገር ነገረቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም። ስትሸኛት፣ የእኔም ቤት የበራ ነው፣ ሰው ይለምደዋል ብላ ትከሻዋን ዳበሰቻት።

ኢክራም ወደ ነጃት አልደወለችም። ጁምዓን ጠበቀች። እንዲህ ያደረገችው፣ እህቷ ራሷ ትነግረኝ ይሆናል ብላ ነው። ምናልባት ስትገባ ፊቷ ልክ አይሆንም፣ ምናልባት በር ላይ ቆማ እታለም የምነግርሽ አለኝ ትላለች ብላ አስባለች። ለዚያ የሚሆን መልስ እንኳ አዘጋጅታ ነበር፤ ለስለስ ያለ መልስ።

ነጃት ሙዝ ይዛ መጣች። ስለ ቢሮዋ አወራች፣ ስለ ሰኞ ገበያ ጭቃ አወራች። ፍራሹን መስኮቱ ሥር አንጥፋ እንደወትሮዋ ጋደም አለች። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ አረፈች። ኢክራም ጥልፏን ይዛ ተቀምጣ አየቻት። ከእንቅልፏ እስክትነቃ ጠበቀች፤ ውሃ እስክትጠጣም ጠበቀች።

«ጦሳ ከአሥራ አንደኛው ፎቅ እንዴት ነው የሚታየው?» አለቻት።

ነጃት ብርጭቆውን አስቀመጠች። ማን ነገረሽ አላለችም። መናገር ስትጀምር ብዙ ተናገረች። በዚያች ክፍል ልታብድ እንደደረሰች፣ ሐኪሙ ብርሃን ብርሃን እያለ ሌላ መድኃኒት እንደማይሰጣት፣ ድርጅቱ ዛሬ ባይሆን ነገ መስኮቱን መውሰዱ እንደማይቀር፣ ያን ጊዜ ለሁለታቸውም ምንም እንደማይተርፍ ነገረቻት። ክፍሉ ሁለት አልጋ ይይዛል። ገና ከመጀመሪያው ያሰበችው አብረው እንዲኖሩ ነው። መስኮቱ በኩል ያለው አልጋ የኢክራም ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ እምቢ ትዪ ነበር።»

«አዎ» አለች ኢክራም። «እምቢ እል ነበር። ሰው የሚጠየቀው እኮ እምቢ ማለት ስለሚችል ነው።»

ኢክራም ጥልፏን አጣጥፋ አስቀመጠችው። ስትናገር ድምፅዋ አልጨመረም።

«ላብ አለብኝ አልሽኝ። ልወድቅ ስል በእጅሽ ያዝሽኝ፤ እጅሽ ደረቅ ነበር። ያን ጊዜም ልብ ብዬዋለሁ፤ ልቤ ግን ሌላ አላሰበም። መስኮቱን ብትሰርቂኝ መስኮት ነው። እኔን ግን በገዛ ጣቴ ነው ያስወጋሽኝ።»

ነጃት እያለቀሰች ወጣች። ሙዙ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ግድግዳው የመጣው ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ ነው። በማንሻ ያነሡትና ከታች ወደ ላይ እያስገጠሙ ይሄዳሉ፤ አቧራ እንኳ ብዙ የለውም። ሁለተኛው ደርብ ደርሶ ሦስተኛው ሊጀመር ባለበት ከሰዓት ጎረቤቶች ሳይጠሩ መጡ። ዘምዘም ሕፃኗን ይዛለች። ቁርኣን የሚያነቡት ሽማግሌም መጡ። ሁሉም እንደ ወትሮው ፀሐይዋ ላይ ተቀመጡ፤ ግን ማንም ኢክራምን ቀና ብሎ አላያትም። በዚያ ሕንፃ የሚኖር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የተደፈነ መስኮት የለም። ሁሉም የተደፈነባቸው አከራዮቻቸው እሺ ብለው ነው።

ሲወጡ ዘምዘም ብቻ በሩ ላይ ቆም አለች።

«እትዬ ኢክራም፣ ምነው?» አለቻት። «መብትዎ ነው፤ እሱን አላጣሁትም። ግን ለእኛ እንኳ ቢነግሩን ምን ነበረበት?»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እኔ አይደለሁም፣ እህቴ ናት ማለት። ኢክራም አፏን ከፈተች። ነጃትን ይህች ዘምዘም ታውቃታለች፤ ሕንፃው በሙሉ ያውቃታል፤ በጀርባዋ አዝላት ደረጃውን ስትወጣ ስትወርድ ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ያችን ልጅ ሰው ሲያማት መስማት አልቻለችም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለቻት። ዘምዘም ራሷን ነቅንቃ ወረደች።

በማግስቱ ግድግዳው መስኮቱን አለፈው። ጦሳ መጀመሪያ ከእግሩ ጠፋ፣ ከዚያ ከወገቡ፣ ከዚያ ጫፉ ብቻ ቀረ፣ ከዚያ ያም ሄደ። ስትሪፑ ማንም ሳይነካው በራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጥፊያው አይሠራም፤ የሚነጋውም የሚመሸውም በራሱ ሰዓት ነው።

ኢክራም ለመደችው ማለት አይቻልም፤ ኖረችበት። መብራቱ ሲነጋ ትነሣለች፣ አዛን ስትሰማ ትሰግዳለች፣ ትጠልፋለች። ሰው አይመጣም። ከሰዓት ላይ እግር ይሰማኛል ብላ ጆሮዋን ጣል ታደርጋለች፤ የሚሰማው ግን አልፎ ወደ አራተኛው የሚወጣ ሰው ነው። አንዲት የሙሽራ እናት ያስጠለፈችውን ቀሚስ መልሳ አመጣችው። ቀዩ ውጪ ሲወጣ ቀይ አይደለም አለች፤ በአክብሮት ነው ያለችው፤ ቢሆንም መለሰችው። ኢክራም ያን ምሽት የቀለም ክሮቿን በሙሉ ሰብስባ ለአንዲት ወጣት ጠላፊ ላከችላት። ከዚያ ወዲህ የምትጠልፈው ነጭ በነጭ ብቻ ነው። እሱ አይዋሽም።

ነጃት አዲሱ ሕንፃ ገባች። መልእክት ትልክባት ነበር፦ አልጋው ተዘጋጅቷል፣ መጋረጃውን አንቺ የምትወጂውን ዓይነት ነው ያደረግሁት፣ ነይ። ኢክራም አትመልስላትም፤ አትሰድባትምም። ጎረቤቶች ነጃት አዲሱ ሕንፃ መግባቷን ሲሰሙ ነገሩን በራሳቸው መንገድ ገጣጠሙት። ኢክራም መስኮቷን ሰጥታ ለእህቷ ቤት አሰጠቻት ተባለ። ላሳደገቻት እናት አይገርምም ተባለ። ከፊሉ ሲያዝንላት ከፊሉ አዘነባት።

ዒድ ደረሰ። ነጃት በጠዋት መጣች። በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ፀጉሯ አገግሟል፣ ፊቷ ፈክቷል፤ አምሮባታል። ኢክራም ይህን ማየቷ ደስ እንዳላት ተሰማት፤ በዚያው ቅጽበት ደስ ስላላት ተናደደች። ነጃት እግሯ ላይ ወደቀች። በዒድ ቀን ተቀያይሞ መዋል ነውር ነው፤ ሙታን እንኳ ዱዓ በሚደረግላቸው ቀን አንቺ ዘግተሽኝ አልውልም፣ አውፍ በይኝ አለቻት።

ኢክራም አነሣቻት። አስቀመጠቻት። ምግብ አቀረበችላት። ነጃት ስትበላ አየቻት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጥርሷ የሚያኘክበትን ወገን ታውቀዋለች።

«ለአላህ ብዬ አውፍ ብዬሻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ግን አንድ ነገር ታደርጊልኛለሽ። ስትወርጂ ሁለተኛው ላይ ዘምዘም አለች። መስኮቱን የሰጠሁት እኔ እንዳልሆንኩ ንገሪያት። ለሌላ ለማንም አትንገሪ። ለእሷ ብቻ።»

ነጃት እሺ አለች። እጇን ስማ፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ኢክራም በሩ ከኋላዋ እንዳይዘጋ በእጇ ይዛ ደረጃው ላይ ቆመች። የነጃት እግር ወረደ። ሁለተኛው ደርብ ላይ ሲደርስ ዝግ አለ። የዘምዘም ልጆች በር ከፍተው ይሯሯጡ ነበር፤ ዘምዘም ከውስጥ አንቺ ነሽ እንዴ ነጃት፣ ዒድ ሙባረክ ስትል ተሰማ። ነጃትም ዒድ ሙባረክ አለች። ልጆቹ እንዳደጉ ተናገረች፤ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ እግሯ ወረደ፣ ወረደ፣ የታችኛው በር ተከፍቶ ተዘጋ።

ኢክራም ገብታ ሳህኖቹን አነሣች።

ዒዱ ባለፈ በሳምንቱ ቁልፍ ሠሪ ጠራች። ሠራተኛው የበሩን የቁልፍ ጋን ቀይሮ ስንት ቁልፍ ላውጣ ቢላት፣ አንድ አለችው። ቤቱ የነጃትም ነው፤ ይህን አልዘነጋችም። የሚጠይቃት ካለ ትመልሳለች።

ጁምዓ ከሰዓት ላይ ቁልፍ በሩ ውስጥ ገብቶ ሲንከራተት ሰማች። ወጣ፣ እንደገና ገባ። አልዞረም። ከዚያ በሩ ተንኳኳ፤ በቀስታ፣ በጣት አጥንት።

«ማን ነው?» አለች ኢክራም ከተቀመጠችበት።

«እኔ ነኝ፣ እታለም።»

ያንን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መካከል ትለየዋለች። መናገር ያስተማረችው እሷ ናት።

«እኔ ማን?»

መብራቱ ወደ ምሽት እየተጠጋ ነጭነቱ ደብዘዝ ይል ጀምሯል። ኢክራም ክሯን በጥርሷ በጠሰች፣ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካች፣ ተነሥታም በሩ አጠገብ ቆመች።

«ነጃት» አለ ድምፁ። «ነጃት ሰይድ።»

ኢክራም ከፈተችላት፤ እንደማንኛውም ሰው ይግቡ አለቻት።